ባና የለበሰ ስቱዲዮ

ቤቱ ውስጥ ስቱዲዮ ሊከፍት የተነሳ ወጣት፣ መሐል ሜዳ ይሁን ሞላሌ፣ ራቤል ይሁን ዓለም ከተማ፣ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር አይለያይም፤ ዝርዝር ይጽፋል። የዝርዝሩ ራስ ላይ ማይክሮፎን ይሰየማል። ያውም ተራ ማይክ አይደለም፣ ኮንደንሰር ነው፤ ያውም ወርቅማ መረብ ያለው፣ ያውም በላስቲክ ተወጥሮ የሚንጠለጠለው ዓይነት። ሳውንድ ካርድ ይከተላል፣ ጥንድ ሞኒተር ስፒከር ይከተላል፤ ሄድፎን፣ ኪቦርድ፣ የማይክ ማቆሚያ፣ «ጰ» እና «ፐ» ሲባል ከአፍ የሚወጣውን ትንፋሽ የሚያበርድ ፖፕ ፊልተር ይደረደራል። ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል በግርጌው «የግድግዳ ስፖንጅ፦ ብር ከተረፈ» የሚል ይታከላል። ብር ተርፎ አያውቅም። ኮርቻ ገዝቶ ፈረስ የሚፈልግ ሰው ዝርዝር ነው። የእኔ ክርክር ዝርዝሩ ከግርጌ ወደ ራስ መነበብ አለበት የሚል ነው። የቤት ስቱዲዮ ከቤቱ ይጀምራል፤ ማይኩ መጨረሻ ይመጣል። ይህ በየትም አገር እውነት ቢሆንም በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ደግሞ ልዩ ትርፍ አለው፤ የስቱዲዮው ዋና ክፍል ከመርካቶ ተጭኖ የሚመጣ ሳይሆን ከበግ ጀርባ ተሸልቶ፣ ከአምባው ታጭዶ፣ ከማሳው ተለቅሞ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ነው። ባለቤቶቹ ስቱዲዮ መሥራታቸውን አላወቁም እንጂ ሠርተው ጨርሰዋል።

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት የእንቁላል ካርቶኑን ነገር ሳያነሱ ማለፍ ግፍ ነው። ሠላሳ እንቁላል የሚይዘው ይህ ግራጫ ካርቶን በእኛ አገር ብቻ ሳይሆን በዓለም ዙሪያ የጀማሪ ስቱዲዮ የማዕረግ ልብስ ሆኗል፤ ዶሮዋ ያላሰበችለት ሹመት ነው። ጉድጓዱና ጉብታው ከስቱዲዮ ስፖንጅ ጋር ስለሚመሳሰል ሥራውም የሚመሳሰል ይመስላል። ድምፅ ግን መልክ አይቶ አይመለስም። ድምፅ ከግድግዳ ወዲያ እንዳያልፍ የሚያግደው ክብደት ነው፤ የግድግዳው ክብደት እጥፍ በሆነ ቁጥር የሚያልፈው ድምፅ በስድስት ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ካርቶኑ ደግሞ ንፋስ የሚያነሳው ነገር ነው። ክፍሉ ውስጥ የሚንከራተተውን የገደል ማሚቶ የሚውጠው በበኩሉ አየር የሚያስገባ፣ ወፍራምና ጭረታም ነገር ነው፤ ካርቶኑ ይህንንም አይደለም። ቀጭኑን ድምፅ በመጠኑ ይበታትናል፣ ወፍራሙን እንዳለ ይለቀዋል፤ ድምፃዊው አፉን በነጠላ ሸፍኖ የዘፈነ ይመስላል። ክብሪት ሲጫርበት ግን ያለ ምንም ማቅማማት ይነድዳል፤ በዚህ በኩል ችሎታው አያጠያይቅም። እንግዲህ ስቱዲዮ ሁለት የተለያየ ሥራ አለው፤ የውጪውን ማስቀረትና የውስጡን ማድረቅ። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ስለሚያይ ለሁለተኛው የተሠራውን ስፖንጅ ለጥፎ ጎረቤቱ እንዲተኛ ይጠብቃል። ጎረቤቱ አይተኛም።

አሁን የመንዝን የቀድሞ ቤት በስቱዲዮ ሠሪ ዓይን እንየው። ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ በጭቃ የተያያዘ፣ ክንድ ያህል የሚወፍር። የተሠራው ለብርድና ለንፋስ ቢሆንም ክብደቱ ብቻውን የድምፁን ሥራ ይጨርሰዋል። ከተማ ውስጥ ሆዱ ባዶ በሆነ ብሎኬት ቤት የሠራ ሰው ይህን ግድግዳ ለማግኘት ሁለተኛ ግድግዳ ማቆም አለበት። በሩና መስኮቱ ጠባብ ናቸው፤ ድምፅ ከግድግዳ ይልቅ በቀዳዳ መግባት ስለሚወድ ይህም ትርፍ ነው። ጣራው የጓሳ ሣር ነው። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ባለው አምባ ላይ የሚበቅል፣ ገመድም ጌሳም የሚሆን፣ ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ተማምሎ የጠበቀው ሀብት ነው፤ አባ ቄራ የሚባለው የሥርዓቱ ኃላፊ ለዓመታት ዘግቶ ሲከፍተው ነበር የሚታጨደው። የ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ማኅበረሰቡ በኋላ ጥበቃውን በራሱ ደንብ መልሶ አቁሞታል። ይህ ሣር በወፍራሙ ተከድኖ ዝናብ ሲወርድበት አይናገርም፤ ከታች የሚወጣውንም ድምፅ መልሶ አይወረውርም፣ ይውጠዋል። በውጭ አገር ስቱዲዮ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው ከኮርኒሱ በሽቦ የሚንጠለጠል ሰሌዳ ነው፤ ዋጋው ሲጠየቅ ሻጩ ራሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው።

ከዚያ ጎታው አለ። ገብስ የሞላ ጎታ ግድግዳ ተደግፎ ሆዱን ወደ ክፍሉ ነፍቶ ይቆማል። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ስቱዲዮዎች ሆዱ ወደ ውጪ የተነፋ እንጨት ግድግዳቸው ላይ ይገጥሙ የነበረው ጎታው ሳይከፈለው ለሚሠራው ሥራ ነበር፤ ድምፁ አንድ ቦታ ተጠራቅሞ እንዳያስተጋባ በየአቅጣጫው መበተን። ሁለት ለጥ ያሉ ግድግዳዎች ፊት ለፊት ሲቆሙ ጭብጨባው እየተቀባበለ «ጠ-ጠ-ጠ-ጠ» የሚለው በመካከላቸው የሚበትነው ስለሌለ ነው። በእርግጥ የቀድሞው ቤት እንከን የለውም አልልም። ክብ ቤት ድምፅን ወደ መሐል ይሰበስባል፤ መሐሉ ላይ የቆመ ማይክ ያልተፈለገውን ሁሉ ተደራርቦ ይሰማል። ደግነቱ መሐሉ ላይ ወይ ምሰሶ ወይ ምድጃ ስላለ ማንም እዚያ ማይክ ሊያቆም አይችልም። አባቶቻችን ይህን ለድምፅ ብለው አደረጉት ብዬ አልዋሽም፤ ጣራው እንዳይወድቅ ብለው ነው።

ባናውን፣ ያን ከበግ ሱፍ የሚሠራ ብርድ ልብስ፣ ለብቻው ማየት ያስፈልጋል። የመንዝ በግ ሱፉ ሻካራ ነው፤ ለሱት አይሆንም፣ ለባና፣ ለዝተትና ለበርኖስ ግን ተወዳዳሪ የለውም። ባና ያለበሱት ሰው ክብደቱን ያውቀዋል፤ ሌሊት ከላይ ሲጣል ሰውየውን ከአልጋው ጋር ያስማማዋል። ጠጋ ብሎ ያየው ሰው ደግሞ በድሩና በማጉ መሐል ጥቃቅን የጸጉር ጫፎች በየአቅጣጫው ቆመው፣ በእያንዳንዱ መካከል አየር ተይዞ ያገኛል። ድምፅ እዚያ ሲገባ በጫፎቹ መሐል እየተፋተገ ጉልበቱ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ለዚህም ነው ሀብታሙ ዓለም ባሳልት ድንጋይ 1,500 ዲግሪ አካባቢ አቅልጦ፣ እያሽከረከረ ፈትሎ፣ ለስቱዲዮ ግድግዳ የሚሆን ጭረታም ንጣፍ የሚያመርተው። መንዝ ባሳልቱም ከእግሩ ሥር አለ፣ ሱፉም ከበጉ ላይ አለ፤ ሁለቱን ማቅለጥ ሳያስፈልግ በየፊናቸው እንዳሉ መጠቀም ይችላል። አሰቃቀሉ ግን ዘዴ አለው። የአንድ መቶ ኸርዝ ድምፅ ሞገዱ 3.4 ሜትር ይረዝማል፤ ዋጭ ነገር የተሻለ የሚሠራው ከግድግዳው የሞገዱን ሩብ ያህል ሲርቅ ነው። የሩቡ ርቀት 85 ሳንቲሜትር ስለሚሆን ለወፍራሙ ባስ የትኛው ቤት ይበቃል! ነገር ግን ባናውን ግድግዳ ላይ ከመለጠፍ ይልቅ አንድ ስንዝር አራርቆ በገመድ መስቀል፣ በማዕዘን በማዕዘኑ ደግሞ ዝተት ጠቅልሎ ማቆም፣ አምስት ሳንቲሜትር ስፖንጅ በሕልሙ የማያገኘውን ጥልቀት ይሰጣል።

አሁን አንባቢው «ይሁን፣ ግድግዳው ደረቀ፤ ጥሩ ሙዚቃ ግን ጥሩ ዕቃ ይፈልጋል» ይል ይሆናል። ማስረጃው ከዚያው ከሰሜን ሸዋ ይምጣ። ደብረ ብርሃን አካባቢ በ1946 እ.ኤ.አ. የተወለዱት ኃይሉ መርጊያ፣ በዋልያስ ባንድ ኪቦርድ አዲስ አበባን ካስጨፈሩ በኋላ ዋሽንግተን ቀሩ። በ1985 እ.ኤ.አ. የሚያውቁት ሰው ባቋቋመው አነስተኛ የቤት ስቱዲዮ ገብተው፣ አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ይዘው፣ ብቻቸውን «ሸሞንሟናዬ»ን በካሴት አወጡ። ከ28 ዓመት በኋላ ካሴቱ እንደገና ሲታተም ዓለም አዲስ ነገር አገኘሁ አለ፤ እሳቸው በዚያ ጊዜ ታክሲ እየነዱ፣ ኪቦርዳቸውን በመኪናው የኋላ ሻንጣ ይዘው፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ በባትሪ ይለማመዱ ነበር። ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ነብራስካ» የቀዳው ኒው ጀርሲ ውስጥ ባለ መኝታ ቤቱ፣ ባለ አራት ትራክ ካሴት መቅረጫ ላይ ነው፤ በኋላ ከነባንዱ ትልቅ ስቱዲዮ ገብቶ ቢሞክረው የመኝታ ቤቱን የሚያክል አልወጣለትም፣ ወደ ካሴቱ ተመለሰ። ቢሊ አይሊሽም በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣችውን አልበም በወንድሟ መኝታ ቤት ውስጥ ቀድታ በዓመቱ የግራሚን ትልልቅ ሽልማቶች ጠራርጋ ወስዳለች።

እነዚህን ታሪኮች የሚያወሩ ሰዎች አንድ ነገር ይዘላሉ። የአሜሪካ መኝታ ቤት ወለሉ ምንጣፍ ነው፤ ውስጡ ፍራሽ፣ ሶፋ፣ መጋረጃ፣ ልብስ የታጨቀበት ቁም ሳጥን አለ። ሰውየው ሳያውቅ ዋጭ በዋጭ በሆነ ክፍል ውስጥ ነው የዘፈነው። የእኛ ጀማሪ ታሪኩን ሰምቶ ያንኑ ማይክ ይገዛና ሊሾ ወለል፣ የተለሰነ ግድግዳና ቆርቆሮ ባለበት ባዶ ክፍል ያቆመዋል። የሚወጣው ድምፅ የቀበሌ አዳራሽ ስብሰባ ይመስላል። ጥፋቱን ማይኩ ላይ ይጥልና ከዚያ የበለጠ ውድ ማይክ ይገዛል፤ ውድ ማይክ ደግሞ አዳራሹን ከበፊቱ አጥርቶ ያሰማል።

ያለ ስቱዲዮና ያለ ውድ ማይክ መቅዳት አዲስ ግኝትም አይደለም። አንጎለላ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ ከንግሥት ቪክቶሪያ በ1890 ዓ.ም. በፎኖግራፍ የተቀዳ መልእክት ደረሳቸው፤ ንግሥቲቱ ድምፃቸው እንዳይቀር ስለፈለጉ ከተሰማ በኋላ ሲሊንደሩ እንዲሰበር ሆነ። ምኒልክና ጣይቱም በተራቸው ድምፃቸውን ቀድተው ላኩ። ከሀገራችን የመጀመሪያ ቅጂዎች አንዱ ያለ ስቱዲዮ የተቀዳ ነው ማለት ነው፤ ቀጂዎቹ ነገሥታት መሆናቸው ክርክሩን አያፈርሰውም። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሄደው የመጀመሪያዎቹን የንግድ ሸክላዎች ሲያስቀዱ፣ ፊታቸው የነበረው ማይክ አልነበረም፤ ቀንዳም ጡሩምባ ነበር። በኤሌክትሪክ መቅዳት የመጣው በ1925 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። እስከዚያ ድረስ የነበረው መሣሪያ ድምፃዊው፣ ክፍሉና የሰውየው ከጡሩምባው መራቅና መቅረብ ብቻ ናቸው፤ ሸክላው ግን ዛሬም ይሰማል።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ጠንካራው የቆርቆሮው ነው። «ዛሬ ሣር ቤት ማን ይሠራል? ሣር ይበሰብሳል፣ ይቃጠላል፣ አይጥ ይወልድበታል፤ ለሙዚቃ ብለን ወደ ኋላ እንመለስ ወይ?» አንመለስም። ቆርቆሮ የገባው ሰው ስለሰነፈ አይደለም፤ በየጥቂት ዓመቱ ጣራ ከመክደን ስላረፈ ነው፣ ጓሳውም እንደ ልብ የሚታጨድ አይደለም። ይሁን እንጂ ቆርቆሮ ክረምት ላይ ምን እንደሆነ የመንዝ ሰው ያውቃል። ሐምሌ ላይ በረዶ ሲወርድበት ቤት ውስጥ ያሉ ባልና ሚስት መጣላት እንኳ አይችሉም፤ አንዱ ሌላውን አይሰማውም። መፍትሔው ከቆርቆሮው ሥር ነው፤ ኮርኒስ መትቶ በላዩ በማዳበሪያ ከረጢት የታጨቀ የገብስ ገለባ መደርደር፣ ከሥሩ ባናውን መወጠር። እሳት እንዳይነካው የሽቦውን ሥራ ለባለሙያ መስጠት ግድ ነው። ይህም ሆኖ በረዶውን ሙሉ በሙሉ አያቆመውም። ስለዚህ ሥራውን እንደ ገበሬው በወቅት መክፈል ያዋጣል፤ በበጋ መቅዳት፣ በክረምት ሚክስ ማድረግ። ሐምሌና ነሐሴ ድምፅ ልቅዳ የሚል ሰው ዝናቡን የባንዱ አባል ማድረግ አለበት።

«መብራትስ?» የሚለው ሁለተኛው ነው። ይህ ብዙ ጊዜ በረዥም ትንፋሽ ስለሚነሳ ከባድ ይመስላል፣ ግን ቀላል ነው። ከላፕቶፕ በገመድ የሚሠራ ተራ ሳውንድ ካርድ የሚፈልገው ከ2.5 ዋት ያልበለጠ ነው፤ ላፕቶፑ ራሱ በባትሪ ሰዓታት ይሠራል፣ ባትሪውን ትንሽ ሶላር ይሞላዋል። እንዲያውም መብራት የሄደበት ሰዓት የስቱዲዮው የክብር ሰዓት ነው። ኬብል ውስጥ የሚያጉረመርመው የ50 ኸርዝ እምምታ ይጠፋል። ማቀዝቀዣው ዝም ይላል። የጎረቤቱ ስፒከር፣ የምግብ ቤቱ ቴሌቪዥን፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ወፍጮ ተራ በተራ ይተኛሉ። አዲስ አበባ ያለ ስቱዲዮ ይህን ጸጥታ ለማግኘት ክፍል ውስጥ ክፍል ይሠራል፤ እዚህ የመብራት መሥሪያ ቤቱ ሳይጠየቅ በነጻ ያመጣዋል። መብራት ሲጠፋ አዝኖ የሚተኛ ባለ ስቱዲዮ ምርጥ ሰዓቱን አጥፍቷል ማለት ነው።

እንስሳቱ ግን በመብራት አይሠሩም። አውራ ዶሮ፣ አህያ፣ ውሻ፣ ግልገሏ የተለየችባት በግ አሉ። እዚህ ላይ የላሊበላዎችን ጥበብ ማየት ይጠቅማል። በሰሜን ሸዋም በደንብ የሚታወቁት እነዚህ ዘፋኞች ባልና ሚስት ሆነው ሌሊቱ ሳይነጋ ከሰው ደጃፍ ይደርሳሉ፤ ካልዘፈንን ቁምጥና ይይዘናል የሚል እምነት እንዳላቸው ብዙ ተብሏል፣ ፀሐይ ሳትወጣም ጨርሰው ለመሄድ ይጣደፋሉ። ምክንያታቸው የራሳቸው ነው፤ የመረጡት ሰዓት ግን ድምፅ ከደጅ ተነስቶ በበሩ ቀዳዳ አልፎ አልጋ ላይ ያለውን ሰው የሚያገኝበት ሰዓት ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ እስከ አሥር ተኩል ድረስ አካባቢው ይተኛል፤ ንፋሱ ራሱ ረገብ የሚልባቸው ሌሊቶች አሉ። ዶሮው ሲጀምር ማይኩ ይዘጋል። ደግሞም አንድ በግ በሩቅ ብትሰማ የማይሆን ነገር አይደለም። የመንዝ ሙዚቃ ውስጥ በግ መሰማቷ የሚያስደነግጠው ሰው ሙዚቃው ከየት እንደመጣ የዘነጋ ነው።

«ሶፍትዌሩ ያጠፋዋል» የሚለው የዘመኑ መልስ ነው፤ ድምፅ ማጽጃ አለ፣ አውቶቲዩን አለ፣ ማሚቶ የሚያነሳ አለ። አውቶቲዩንን በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሰው፣ አንዲ ሂልደብራንድ፣ ቀድሞ ሥራው የመሬት ውስጥ ነዳጅ በድምፅ ሞገድ መፈለግ ነበር፤ ዘይቱን ትቶ ዘፋኝ ማረም ያዘ። መሣሪያው በሥነ ሥርዓት የተሠራ ነው፣ ሥነ ሥርዓቱ ግን በተለምዶ ኦክታቩን ለአሥራ ሁለት እኩል የሚከፍለው የፒያኖ ሥርዓት ነው። የእኛ አዝማሪ አንቺ ሆዬን ሲያዜም እነዚያ አሥራ ሁለት ደረጃዎች መሐል ባለ ቦታ ላይ ቆሞ ሊያንጎራጉር ይችላል፤ ሶፍትዌሩ ይህን ስሕተት ነው ብሎ ወደ ቅርቡ ደረጃ ይገፋዋል። አንቺ ሆዬ ገብታ ሌላ ሰው ሆና ትወጣለች። ድምፅ ማጽጃውም ከዚህ አይሻልም። በገና አሥር ጅማት አለው፤ በእያንዳንዱ ጅማትና ጅማቱ በሚያርፍበት ብርኩማ መካከል እንዝራ የሚባል የቆዳ ቁራጭ ይገባል፣ ያንን እንደ ንብ የሚያጉረመርም ድምፅ የሚሰጠው እሱ ነው። ሳያቋርጥ የሚያጉረመርም ነገር ሁሉ ለማጽጃው ቆሻሻ ነው። እንዝራውን ጠርጎ የሰጠህን በገና ምን ልታደርገው ነው? ከሶፍትዌሩ በፊት የተከለከለ ማሚቶ ከሶፍትዌሩ በኋላ ከተጠረገ ማሚቶ ይበልጣል፤ አንደኛው አልገባም፣ ሁለተኛው ሲወጣ የሰው ድምፅ ይዞ ይወጣል።

«ታዲያ አዲስ አበባ ስቱዲዮ ሞልቶ የለም?» ሞልቷል፤ ጥሩ ጥሩም አለ። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ የተማረው ሟቹ ኤልያስ መልካ ስቱዲዮውን «በገና» ብሎ መሰየሙ ብቻ ባለሙያው ጆሮውን ከየት እንደሚያስጀምር ይነግራል። ነገር ግን አንድ የመርሐቤቴ ባለ መሰንቆ አዛውንት የጀማን ገደል ወጥተው፣ በሙከ ጡሪ አልፈው፣ ሙሉ ቀን በመኪና ተንገላተው ስቱዲዮ ሲደርሱ ምን እንደሚሆን እናስብ። መስታወት ያለበት ጠባብ ክፍል ይገባሉ። ጆሯቸው ላይ ሄድፎን ይደረጋል። ወጣቱ ከመስታወቱ ማዶ «አባባ፣ ክሊኩን ተከትለው ይግቡ» ይላቸዋል። ሽማግሌው አንገታቸውን አዙረው «ልጄ፣ ይኼ የሚያንኳኳው ማነው? ግባ በሉታ» ይላሉ። መሰንቆው ግጥሙ ሲረዝም የሚጠብቅ፣ ሰሚው «በል!» ሲል የሚፈጥን መሣሪያ ነው፤ የሚጠብቀው ሰሚ ሲጠፋና የሚያንኳኳ ማሽን ሲተካ የሚቀዳው ሌላ ነገር ነው። ቤታቸው፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጠላው ቀርቦ ቢቀዱ ሰውየው ራሳቸው ናቸው። የክፍሉም ሰው ቁጥር ለድምፁ ይጠቅማል፤ ጋቢ የለበሰ ታዳሚ ከባና ያልተናነሰ ዋጭ ነው።

እንግዲህ ማይክ ምን ይገዛ? ይህን በአጭሩ። ኮንደንሰር 48 ቮልት ጠጥቶ የክፍሉን ሁሉ ወሬ የሚሰማ ማይክ ነው፤ ለደረቀ ክፍል ጌጥ፣ ለቆርቆሮ ቤት መቅሠፍት። ጠጋ ብለው የሚዘፍኑበት ዳይናሚክ ማይክ ለእንዲህ ያለ ቤት ይሻላል። ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙም ያልተለወጠው ሹር ኤስ ኤም 58 ወድቆ ተነስቶ ይሠራል፤ ማይክል ጃክሰን «ትሪለር»ን የዘፈነበት ኤስ ኤም 7ም ዳይናሚክ ነው። ስፒከሩ ይቆይ፣ ጥሩ ሄድፎን ይቅደም። ሌላ ሁሉ ይጠብቃል።

ያልተነሳ አንድ ዕቃ ግን ቀርቷል፤ እርሳስና ደብተር። በየቤቱ ስቱዲዮ ላፕቶፕ ውስጥ «አዲስ ቅጂ»፣ «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «ዋናው ፋይናል» የሚባሉ ፋይሎች ተደርድረዋል። ማን እንደዘፈነው፣ ከየትኛው ጎጥ እንደሆነ፣ በየትኛው ቅኝት እንደተቃኘ የሚናገር የለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙም ለድምፅ ቀጂውም መብት ይሰጣል፤ ስማቸው ፋይሉ ላይ ያልተጻፈ ሽማግሌ ግን በየትኛው አንቀጽ ይከራከራሉ? ከስፖንጁ የተረፈው ብርም ካለ የመጀመሪያው ተከፋይ እሳቸው ናቸው። እዚህ ላይ ክርክር ስለማልጠብቅ አላራዝመውም።

እስካሁን ለተነሳው ሁሉ መልስ አለኝ፤ የማይመለሰው የእናት ነው። ልጁ ባናዎቹን አንድ ስንዝር አራርቆ ሰቅሏል፣ ዝተቶቹን በየማዕዘኑ አቁሟል፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ ሊቀዳ አስቧል። ኅዳር ነው፤ ውጪው ውርጭ ነው። እናቱ በሩ ላይ ቆመው «አክስትህ ከግሼ መጥታለች፣ ባናውን አውርድልኝ» ይላሉ። ፊዚክሱን ማስረዳት ይቻላል፤ የሞገዱን ሩብ፣ የሱፉን ጫፎች፣ ስለ ባሳልቱ የተባለውን ሁሉ። አክስቲቱ ግን ይበርዳቸዋል። ጸጥታው የሚበዛበት ሰዓትና ብርዱ የሚበዛበት ሰዓት አንድ ስለሆነ ስቱዲዮውና እንግዳው አንድ ባና ላይ፣ በአንድ ሌሊት ይገናኛሉ፤ ዓመቱን ሙሉ እንግዳ የማይታጣበት ቤት ደግሞ ሁለተኛ ባና እንኳ ቢያሠራ ሁለተኛ እንግዳ ይመጣበታል። ያን ሌሊት ባናው ይወርዳል፣ ልጁም የባለፈውን ቅጂ ሚክስ ያደርጋል፤ እሱ በሄድፎን ይሠራል፣ እንግዳም አይቀሰቅስም።